ምዕራፍ 6፦ ቀድሞ የሚወስድ ዋስ ይጠራል

ስለ ቪዛ በተወራበት ሁሉ ሁለት እምነቶች አይጠፉም። አንደኛው «ቪዛ የሀብታም ነው» ይላል፤ በሒሳቡ ብዙ ብር ያለው ያልፋል፣ የሌለው ይወድቃል። ሁለተኛው «ቪዛ ዕድል ነው» ይላል፤ የቀናው ይመታለታል፣ ያልቀናው ሪጀክት ይደረጋል። ሁለቱም ሰውን ብዙ ያስከፍሉታል። የመጀመሪያውን ያመነ ከዘመድ አዝማድ ብር ለቃቅሞ ሒሳቡን ሊያሳብጥ ይሞክራል። ሁለተኛውን ያመነ ወረቀቱን ለደላላ አስረክቦ ተስሎ ይጠብቃል። ሲከለከልም ምን እንደጎደለው ሳያውቅ «ተዋርጄ ተመለስኩ» ብሎ ይቆዝማል።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አንድ ነው። ለጉብኝት፣ ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለስብሰባ የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ቪዛ በአብዛኛው የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህ ሰው ቀኑ ሲደርስ ይመለሳል ወይ?» የሚሞላው ቅጽ፣ የሚያያዘው ወረቀት፣ ቢኖርም ቃለ መጠይቁ፣ አብዛኛው ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለጊያ ነው። ይህን የተረዳ አመልካች ፋይሉን የሚያሰናዳው በሌላ ዓይን ነው። ምሳሌያችን የአውሮፓው የሸንገን ቪዛ ይሆናል፤ በመሐሉ የአሜሪካንም በጥቂቱ እናነሣለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓስፖርት የሆነውን፣ ቪዛ የሚሆነውን

በምዕራፍ 3 እንዳየነው ፓስፖርት አንድ መንግሥት ስለ ዜጋው ለሌሎች መንግሥታት የሚጽፈው ምስክርነት ነው። በ1920 በመንግሥታት ማኅበር ጥላ ሥር ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ አገሮች የደብተሩን መልክ ለማመሳሰል ከተስማሙ ወዲህ፣ የየትኛውም አገር ፓስፖርት ስለ ባለቤቱ የሚናገረው ተቀራራቢ ነው። ስሙ እገሌ ነው፤ የተወለደው በዚህ ቀን ነው፤ ዜግነቱ ይህ ነው። ሁሉም አስቀድሞ የሆነና መዝገብ ተገልጦ ሊጣራ የሚችል ጉዳይ ነው።

ቪዛ ግን የነገ ጉዳይ ነው። ቆንስሉ የሚጠይቀው አመልካቹ ገና ስላላደረገው ነገር ነው። ከሁለት ወር በኋላ ፍራንክፈርት ላይ ወደ አዲስ አበባ በሚበረው አውሮፕላን ይሳፈራል ወይስ ይቀራል? ይህን ሊያረጋግጥ የሚችል መሥሪያ ቤት የለም። በምዕራፍ 4 ውልና ማስረጃ ወይም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በሰነድ ላይ የሚያሳርፈው ማኅተም ወረቀቱ እውነተኛ ስለመሆኑ ብቻ እንደሚመሰክር ተነጋግረናል። የጋብቻ ሰርተፍኬቱ እውነተኛ ቢሆን ባል ወደ ሚስቱ ይመለሳል ማለት አይደለም። ቆንስሉ ከእውነተኛ ወረቀት ተነሥቶ እርግጠኛ ወደማይሆንበት ነገ የሚሻገረው በግምት ነው።

ግምት ነው ስንል ግን በዘፈቀደ ነው ማለታችን አይደለም። ግምቱ የራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱንም እኛ ከማንም በተሻለ እናውቀዋለን፤ በየሰፈራችን አለና።

የእቁብ ዳኛ ጥያቄ

ሃያ ሰው እቁብ ገብቶ በየሳምንቱ እኩል ያዋጣል እንበል። ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰው የሃያውን መዋጮ ጠቅልሎ ይወስዳል። በመጨረሻው ሳምንት የደረሰውን ሰው ማንም ዋስ አይጠይቀውም፤ የሚጠበቅበትን ከፍሎ ጨርሷል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ግን ሃያ እጅ ሲወስድ ከኪሱ ያወጣው አንድ እጅ ብቻ ነው። የቀረው አሥራ ዘጠኝ ሳምንት በእሱ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ዳኛው «ዋስ ጥራ» ይለዋል።

ይህ ስድብ አይደለም፤ ባለ ዕጣውም አይቀየምም። ዳኛው ሌባ አላለውም። ያው ሰው ዕጣው መጨረሻ ላይ ቢወጣለት ኖሮ ዋስ ባልተጠየቀ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ተራው ነው። አስቀድሞ ተቀብሎ በኋላ የሚከፍል ሁሉ ዋስ ይጠራል።

ቪዛ አመልካች ምንጊዜም የመጀመሪያው ሳምንት ባለ ዕጣ ነው። የሚፈልገውን ነገር፣ ወደ አገሩ መግባትን፣ አስቀድሞ ይወስዳል። የሚጠበቅበትን፣ በቀኑ መመለስን፣ የሚከፍለው በኋላ ነው። ቆንስሉም ዋስ ይፈልጋል። ዋስ ሆኖ የሚቀርበው የአመልካቹ ኑሮ ነው፤ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ልጆቹ፣ ሱቁ፣ ጀምሮ ያልጨረሰው ትምህርት፣ ከዚህ በፊት ወጥቶ መመለሱ። እነዚህ ሰውየውን ወደ ቤቱ ይስቡታል ተብለው የሚቆጠሩ ነገሮች ናቸው።

ሁለቱ የሚለያዩበትንም ማየት ያስፈልጋል። እቁብ ላይ ባለ ዕጣው ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል። ቪዛ ላይ የቀረውን ሰው ዕዳ የሚሸፍን የለም፤ ሐዋሳ ያለ ሱቅ በባለቤቱ ፈንታ አይመለስም። ሌላም አለ። የእቁቡ ዳኛ ሰፈርተኛ ነው። ባለ ዕጣው መቼ ሱቁን እንደሚከፍት፣ ልጆቹ የት እንደሚማሩ፣ ለቃሉ ምን ያህል ታማኝ እንደሆነ ሲያይ ኖሯል። ቆንስሉ ግን ከፊቱ ካለው ፋይል በቀር የሚያውቀው የለም። ሰፈር በዓይኑ የሚያየውን ሁሉ እሱ በወረቀት ማየት አለበት፤ ወረቀት ያላወራውን ኑሮ እንደሌለ ይቆጥረዋል።

ሃያ ዘጠኝ አገር በአንድ በር

የአውሮፓ ቆንስሎች ጥንቃቄ ለምን እንዲህ እንደበዛ ለመረዳት የሸንገንን አሠራር ማወቅ ይረዳል። በሰኔ 1985 ቤልጅየም፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ሉክሰምበርግና ኔዘርላንድስ በሉክሰምበርግ ሸንገን መንደር አጠገብ፣ ሞዝል ወንዝ ላይ በቆመች መርከብ ተሰብስበው በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማሙ። ስምምነቱ በ1995 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ አባላቱ 29 ናቸው፤ ኖርዌይና ስዊዘርላንድን የመሳሰሉ የአውሮፓ ኅብረት አባል ያልሆኑም አሉበት።

ውስጡ ክፍት ከሆነ የውጭው በር ይጠብቃል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ቆንስል ቪዛ ሲመታ በመደበኛው የሚከፍተው የአገሩን በር ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹን ሃያ ስምንትም ጭምር ነው። ሁሉም በአንድ ደንብ እንዲሠሩ የተደረገውም ለዚህ ነው። በ2009 የወጣውና በ2010 ሥራ ላይ የዋለው የቪዛ ደንብ ማን ምን ማቅረብ እንዳለበት፣ ውሳኔው በስንት ቀን መሰጠት እንዳለበት፣ በምን ምክንያት መከልከል እንደሚቻል ይዘረዝራል።

ዋና ዋናዎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ቪዛው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ቢበዛ ለ90 ቀን ይሰጣል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ወደሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ወደሚገቡበት። ማመልከቻው ከጉዞው ከስድስት ወር በላይ ቀድሞ አይገባም፤ ቢዘገይ ደግሞ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን ይላል ደንቡ። የጉዞ የጤና መድን ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ብዙ ኤምባሲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉላቸውን ማዕከሎች ያሠራሉ። የማዕከሉ ሠራተኛ ወረቀት ይቆጥራል፣ አሻራ ያነሣል፣ የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላል፤ የመወሰን ሥልጣን ግን የለውም። «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ደላላ የሚሸጠው ነገር የለውም።

አንድ ፋይል ሲገለጥ

አንዲት እናት በሐሳባችን እንያዝ። ሐዋሳ የእህል መደብር አላቸው። ሴት ልጃቸው ፍራንክፈርት ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። እናትየው ለ60 ቀን ሄደው ሊያርሷት ይፈልጋሉ። ይህ ከማንኛውም ጉብኝት የበለጠ የሚገባን ምክንያት ነው። ቆንስሉም ሰው ነውና ይገባዋል። ግን ፋይሉን ሲገልጥ ሦስት ጥያቄ ለየብቻ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው «ለምን ይሄዳሉ?» የሚል ነው። ለዚህ የልጅቱ የግብዣ ደብዳቤ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ኮፒ፣ የመውለጃዋን ጊዜ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት፣ እናትና ልጅ መሆናቸውን የሚያሳይ የልደት ሰርተፍኬት ይቀርባሉ።

ሁለተኛው «ወጪውን ማን ይችላል?» ነው። ጀርመን ውስጥ ጋባዥ የሆነ ሰው የሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ሄዶ ገቢውን አሳይቶ ግዴታ ይገባል፤ የእንግዳውን የኑሮ፣ የሕክምና፣ አስፈላጊም ከሆነ የመመለሻ ወጪ እሸፍናለሁ ብሎ ይፈርማል። ልጅቱ ይህን ካደረገች ሁለተኛው ጥያቄ ተመልሷል።

ሦስተኛው «ይመለሳሉ ወይ?» ነው። ብዙ ፋይል የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ ኃይሉን ሁሉ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይጨርሳል። የልጅቱ የደመወዝ ወረቀት፣ የባሏ የሥራ ውል፣ የቤታቸው የኪራይ ውል፣ የባንክ ሒሳባቸው ተደርድሮ ይመጣል። ፋይሉ ይወፍራል። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ወረቀት የሚናገረው ስለ ፍራንክፈርት ነው። እናትየው እዚያ ከደረሱ እንደማይቸገሩ ያስረዳል፤ ወደ ሐዋሳ የሚመልሳቸው ምን እንደሆነ ግን አንድ መስመር የለውም። በእቁቡ ቋንቋ ዋሱ የተጠራው ለሌላ ዕዳ ነው።

የመመለሳቸው ዋስ ያለው ሐዋሳ ነው። የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የመደብሩ የኪራይ ውል ወይም የቤት ካርታ ይቀርባል። ባለቤታቸውና ታናናሾቹ ልጆች እዚያው ካሉ የጋብቻና የልደት ሰርተፍኬታቸው ይያያዛል። ከሁሉ በላይ ማንም የማያስታውሳት አንድ ገጽ አለች፤ እናትየው ራሳቸው የሚጽፏት ደብዳቤ። በ60ዎቹ ቀናት መደብሩን ማን እንደሚይዝ፣ ለምን በዚያ ወር መመለስ እንዳለባቸው፣ ምናልባትም አዲሱ እህል ከመግባቱ በፊት መድረስ እንደሚያስፈልጋቸው በቀላል አነጋገር ይገልጻሉ። ይህ ወረቀት ኑሮን ይተርካል፤ ሌሎቹ ሰነዶች ደግሞ ትረካውን ይደግፋሉ።

የባንክ ስቴትመንቱንም ቀረብ ብለን እንየው። ሁለት ስቴትመንት አስቡ። በአንደኛው በየሳምንቱ 30,000፣ 45,000፣ 28,000 ብር ይገባል፤ ለአቅራቢዎች ይከፈላል፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ይወጣል፤ በመጨረሻው ቀን የቀረው 190,000 ብር ነው። በሁለተኛው ለአምስት ወር ከ4,000 ብር የማይበልጥ ገንዘብ ተኝቶ ይቆይና ማመልከቻው ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው 700,000 ብር በአንድ ጊዜ ይገባል። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ሁለተኛው ይበልጣል ይላል። ቆንስሉ የሚያነበው ግን የገንዘቡን መንገድ ነው። አንደኛው የሚንቀሳቀስ መደብር ያሳያል፤ የመደብሩ ባለቤት ትተውት የማይቀሩት ነገር እንዳላቸው ይናገራል። ሁለተኛው ለወረቀቱ ሲባል የተሞላ ይመስላል፤ አንዴ ይህን ከጠረጠረ ደግሞ ሌላውንም ገጽ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው። የገባው ገንዘብ በሐቅ የተገኘ፣ ለምሳሌ የመኪና ሽያጭ ከሆነ፣ የሽያጭ ውሉን ማያያዝ ነገሩን ያጠራዋል።

ቀኖችም መስማማት አለባቸው። ቅጹ 60 ቀን ይላል፤ የልጅቱ ደብዳቤ «ለሦስት ወር እናቴን ጋብዣለሁ» ይላል፤ የጤና መድኑ የተገዛው ለ30 ቀን ነው። ማንም አልዋሸም፤ ሦስት ሰው በሦስት ቀን ሳይነጋገር ጻፈው። ይሁንና ደንቡ «የቀረበው መረጃ አያስተማምንም» የሚል የክልከላ ምክንያት አለው። ፋይሉ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ቢያነበው እንዲህ ያለው ስሕተት ይያዛል። ቪዛው ሳይገኝ ትኬት ገዝቶ ገንዘብ ማሰርም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ የተያዘ ቦታ ይበቃል።

ስማችንና ዘመናችን በሌላ ሰው ዓይን

የኢትዮጵያ ሰነድ የራሱ ጠባይ አለው፤ እኛን የማያደናግረን ሌላውን ያደናግራል። በብዙ የአውሮፓ አገር ቤተሰብ በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠራል። እኛ ዘንድ እናት በአባቷ፣ ልጅ በአባቷ ስም ትጠራለች። ሐዋሳ ያሉት እናትና ፍራንክፈርት ያለችው ልጅ በፓስፖርታቸው ላይ የሚያገናኛቸው አንድም ስም የለም። የልደት ሰርተፍኬቱ የእናትን ሙሉ ስም የያዘ ካልሆነ ዝምድናው በወረቀት አልተረጋገጠም። ባልና ሚስትም እንዲሁ ናቸው፤ የጋብቻ ሰርተፍኬት የሚያስፈልገው በስማቸው ማንም ባልና ሚስት ናቸው ስለማይል ነው።

የላቲን ፊደል ሌላ ጣጣ ያመጣል። ፀሐይ ወይም ኃይሉ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአራት በአምስት መንገድ ይጻፋል። ፓስፖርቱ አንዱን፣ የንግድ ፈቃዱ ሁለተኛውን፣ ባንኩ ሦስተኛውን ከያዘ ሦስቱ ወረቀቶች የሦስት ሰው ይመስላሉ። ትርጉም የሚሠራ ሰው ዘንድ ሲኬድ ፓስፖርቱን አሳይቶ «እንደዚህ ብለህ ጻፍልኝ» ማለት ይገባል። የዘመን አቆጣጠሩም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ «በ2010 የተሰጠ» የሚል የንግድ ፈቃድ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ ዕድሜው ይዛባል። እነዚህ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ከባድ ዋስ የሆነን ሰነድ ዋጋ ያሳጡታል።

ምን ያህል ጥርጣሬ ይበቃል?

ነገን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ከሌለ ቆንስሉ ሁልጊዜ ሊጠራጠር ይችላል። ታዲያ የትኛው ጥርጣሬ ነው ለክልከላ የሚበቃው? ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። አንድ ኢራናዊ ቴህራን ባለው የጀርመን ኤምባሲ አመልክቶ «የመመለስ ሐሳብህ ያጠራጥራል» ተብሎ ተከለከለ። ሰውየው በርሊን ላይ ከሰሰ፤ የበርሊኑ ፍርድ ቤት ደግሞ ሉክሰምበርግ ያለውን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጠየቀ። በታኅሣሥ 2013 መልሱ መጣ።

ፍርዱ ለሁለቱም ወገን የሚሆን ነገር አለው። አመልካቹ እንደሚመለስ በእርግጠኝነት መረጋገጥ የለበትም፤ የሚታየው ምክንያታዊ ጥርጣሬ መኖር አለመኖሩ ነው። ደንቡ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ውጭም መከልከል አይቻልም። በሌላ በኩል ቆንስሉ እነዚህን ምክንያቶች ሲመዝን ሰፊ ሥልጣን አለው። የሚመዝነውም ሁለት ነገር ነው፤ የአመልካቹን የራሱን ሁኔታ፣ እንዲሁም የሚኖርበትን አገር አጠቃላይ ሁኔታ።

የአሜሪካ ሕግ መነሻው ይጠነክራል። ከ1952 ጀምሮ የሚሠራው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ከጥቂት የቪዛ ዓይነቶች በስተቀር፣ አመልካች ሁሉ ሊቀር የመጣ ነው ብሎ ይነሣል። ይህን ግምት ማፍረስ የአመልካቹ ፋንታ ነው፤ ለዚያውም በመስኮት በኩል በሚደረግ የጥቂት ደቂቃ ንግግር። በወንጀል ችሎት ጥፋቱን ማስረዳት የከሳሽ ሥራ ነው፤ እዚህ ሸክሙ በጠያቂው ትከሻ ላይ ነው። አመልካች ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥያቄዎቹ እንደ ክስ አይሰሙትም። በግልጽና በአጭሩ፣ ከቅጹ ጋር የሚስማማ መልስ ይሰጣል።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝን ነገር መናገር አለብኝ። ዋስ የሚሆነው ኑሮ የሚጠራቀመው በዕድሜ ነው። የሃያ አራት ዓመት ወጣት ትዳር የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ቤት የለውም፤ ሥራ ከጀመረም ቅርብ ጊዜው ነው። ለመመለስ ያለው ቁርጠኝነት ከማንም አያንስ ይሆናል፤ ግን የሚጠራው ዋስ የለውም። ሥርዓቱ ወጣቱን የሚቀጣው ስላጠፋ አይደለም፤ ገና ስላልኖረ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚያግዙት ነገሮች ጥቂት ናቸው። የቀጣሪው ደብዳቤ ፈቃድ የተሰጠበትንና ወደ ሥራ የሚመለስበትን ቀን ለይቶ ይጻፍ፤ ተማሪ ከሆነ ለቀጣዩ ሴሚስተር መመዝገቡ ይታይ፤ ጥሪው ከታወቀ ተቋም የመጣ፣ ቀኑ የተቆረጠና አጭር ይሁን።

የሌላው ሰው ዕዳ

እቁብ ውስጥ አንድ ሰው ወስዶ ቢጠፋ ዳኛው በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉንም ማጥበቅ ይጀምራል። ያልጠፋው ሰው ሁለት ዋስ ይጠየቃል። ፍርድ ቤቱ «የአገሩ አጠቃላይ ሁኔታ» ያለው በተግባር እንዲህ ነው የሚሠራው። አመልካቹ ከእሱ በፊት የሄዱትን ሰዎች ታሪክ ተሸክሞ ይቀርባል።

ይህ በይፋ ተጽፎ የመጣበት ጊዜም አለ። የቪዛው ደንብ በ2019 ሲሻሻል፣ ያለ ፈቃድ የቀሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል በበቂ አይተባበርም በተባለ አገር ላይ የቪዛ አሠራሩን ማጥበቅ የሚያስችል አንቀጽ ገባበት። በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ይህን አንቀጽ በኢትዮጵያ ላይ ተጠቀመበት። በውሳኔው መሠረት ውሳኔ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ይረዝማል፤ ተመላላሽ ቪዛ አይሰጥም፤ ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዳንዱን መተው የሚፈቀድበት አሠራር ቀርቷል፤ የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዙም ከክፍያ ነጻ የሚሆኑበት ዕድል ተዘግቷል። አመልካች ይህ ውሳኔ በሚያመለክትበት ጊዜ የሚሠራ መሆኑን ከኤምባሲው ያጣራ፤ የሚሠራ ከሆነ ግን ቀኑን በ45 ይቁጠር።

በመንግሥታት መካከል ያለ ክርክር ልጇን ልታርስ በምትሄድ እናት ፋይል ላይ መውደቁ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ሰው በራሱ ሥራ እንጂ በሌላው መመዘን የለበትም። ይሁን እንጂ ፍትሕን መጠየቅና ሥርዓቱን ማወቅ አይጋጩም። ዳኛው ሁለት ዋስ የሚጠይቅበት ዘመን ከሆነ አንድ ዋስ ይዞ መሄድ ዋጋ ያስከፍላል።

የሐሰት ሰነድም የሚጎዳው ከዚሁ የተነሣ ነው። ደላላ የሚሸጠው የግብዣ ደብዳቤ ወይም የተቀባባ ስቴትመንት ሲያዝ ጉዳቱ ከገዢው ያልፋል። የዚያ ባንክ፣ የዚያ ከተማ፣ የዚያ ዓይነት ወረቀት ሁሉ ከዚያ ወዲያ በጥርጣሬ ይነበባል። ከሐሰተኛ ሰነድ ይልቅ ሰነድ ማጣት ይሻላል፤ የጎደለ ወረቀት በደብዳቤ ይብራራል፤ የተያዘ ሐሰት ግን ለዓመታት ከስም ጋር ይኖራል።

ክልከላ ሲመጣ

የሸንገን ክልከላ በቅጽ ነው የሚመጣው። ቅጹ ምክንያቶቹን ይዘረዝራል፤ ቆንስሉ የሚመለከተው ላይ ምልክት ያደርጋል። ብዙ ሰው ቅጹን በብስጭት አጥፎ ያስቀምጠዋል ወይም ይቀደዋል። መሆን የሚገባው በተቃራኒው ነው፤ ከሦስቱ ጥያቄዎች የትኛው ሳይመለስ እንደቀረ የሚናገረው ይህ ወረቀት ነው። «የጉዞው ዓላማና ሁኔታ አልተብራራም» የሚለው ላይ ምልክት ካለ ጎደሎው ግብዣውና ዕቅዱ ነው። «በቂ መተዳደሪያ አልታየም» ካለ የወጪው ነገር ነው። «በቀኑ የመመለስ ሐሳብ ላይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ አለ» ካለ ችግሩ ዋሱ ነው፤ ከፍራንክፈርት ተጨማሪ የደመወዝ ወረቀት ማምጣት እሱን አይፈታውም።

ደንቡ ይግባኝ ይፈቅዳል። የሚቀርበው ውሳኔውን በሰጠው አገር ሕግ መሠረት ነው፤ የት እና በስንት ቀን እንደሚቀርብ በዚያው ቅጽ ላይ ይገለጻል። ይግባኙን ትቶ እንደገና ማመልከትም ይቻላል። ማመልከቻውና ክልከላው ከአሥሩ ጣት አሻራና ከፎቶው ጋር አባል አገሮች በሚጋሩት የቪዛ መረጃ ቋት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በጀርመን የተከለከለ ሰው ፈረንሳይ ቢያመለክት ፈረንሳዮቹ ያዩታል፤ ቅጹ ላይ መደበቅም አይጠቅምም። ደንቡ ግን ያለፈ ክልከላ ብቻውን አዲሱን ማመልከቻ እንዳያስከለክል በግልጽ ይከላከላል። የተለወጠ ነገር ይዞ ለመጣ ሰው በሩ አልተዘጋም። ምንም ሳይለውጥ በማግስቱ ያንኑ ፋይል መልሶ ማስገባት ግን 90 ዩሮ መጣል ነው። በአሜሪካ በኩል አመልካቹ ሊቀር ነው የሚለውን ግምት ባለማፍረሱ የተሰጠ ክልከላ ይግባኝ የለውም፤ እንደገና ማመልከት ግን ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ክልከላ በሰውየው ማንነት ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ቆንስሉ የከለከለው ፋይሉን ነው፤ ፋይሉ ደግሞ የአንድን ሰው ኑሮ አሟልቶ አይናገርም። ይህን ባለማወቅ ስንት የተከበሩ እናትና አባት በኀፍረት አንገታቸውን ደፍተዋል። ሊያፍሩ አይገባም።

ከመመለስ በኋላ

ከተዘረዘሩት ዋሶች ሁሉ አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። ሥራ፣ ልጅ፣ ሱቅ ሁሉም ስለ ነገ እንድንገምት የሚያግዙ ናቸው። ወጥቶ በቀኑ የተመለሰ ሰው ግን የሚያቀርበው ግምት አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። ለዚህ ነው ጎረቤት አገር እንኳ ደርሶ የተመለሰ ሰው ፓስፖርት ከባዶው የተሻለ የሚነበበው። በጥቅምት 2025 የሸንገን አገሮች መግቢያና መውጫን በኮምፒውተር መመዝገብ ጀምረዋል፤ በፓስፖርት ላይ የሚመታው ማኅተም ደረጃ በደረጃ ለዚህ መዝገብ ቦታውን ይለቃል። በ58ኛው ቀን የወጡት እናት በቀናቸው መውጣታቸው በመዝገብ ይታይላቸዋል፤ ቀኑን ያሳለፈም እንዲሁ ይታይበታል።

ቪዛ ከተመታ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ደንቡ እንደሚለው ቪዛ መያዝ ብቻውን የመግባት መብት አይሰጥም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያለው የድንበር ፖሊስ ለምን እንደመጡ፣ የት እንደሚያርፉ፣ በምን እንደሚተዳደሩ፣ መቼ እንደሚመለሱ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የግብዣው፣ የመድኑና የመመለሻ ትኬቱ ኮፒ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዝ። በምዕራፍ 7 ወደ ድንበር ፖሊሱ መስኮት እንሄዳለን፤ ከአውሮፕላን እንደወረዱ ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ ማን ምን እንደሚያይና ተጓዡ ምን መብት እንዳለው እንመረምራለን።